ብርሃኑ የወጣው ፎቅ

ድሮ ባልን በሚስቱ ፊት የሚያሳጣው ሰው ነበር። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ወይም «እኔ አላልኩም እንጂ...» ብላ የምትጀምር የሩቅ ዘመድ። የሰው ወሬ ደግነቱ ይጣራል። ወሬኛው ማን እንደሆነ፣ ለምን ዓይንህን ማየት እንደማይፈልግ፣ ባለፈው ዓመት በምን እንደተቀያየማችሁ ይታወቃል፤ ሰሚው በዚያው ልክ ይቀናንስለታል። ዘንድሮ ግን ወሬኛው የእጅህ አንጓ ላይ ታስሮ ነው የሚውለው። ቂም የለውም፣ ወገን የለውም፣ ጉቦ አይቀበልም። ስለዚህ የሚለው ሁሉ እውነት ይመስላል። እንዲህ ያለ ምስክር ሲሳሳት ማን ይጠረጥረዋል?

የማወራችሁ ስለ ጓደኛዬ ስለ ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ ግራውንድ ላይ የፎቶ ኮፒና የህትመት ሱቅ አለው። ከአስፋልቱ ወርደህ ቀጥ ብለህ ነው የምትገባው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ሚስቱ ሰናይት ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የማይገጥም ቁጥር ካየች እህል አይወርድላትም፤ እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ለብርሃኑ ስኳሩ ከፍ ማለቱን ነገረው። ብርሃኑ ሰምቶ ረሳው። ሰናይት ግን ሰምታ ዘመተች። ዘይት ከቤቱ ተባረረ፣ ቅቤ ተሰደደ፣ የነጭ ዳቦ ስም እንኳ የማይነሳ ሆነ። በመጨረሻም አንዱን ዘመናዊ የእጅ ሰዓት ገዝታ አሰረችለት። የልብ ምት ይቆጥራል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ የወጣኸውን ደረጃ ደግሞ በፎቅ በፎቅ ይመዘግባል። የብርሃኑ ስልክ አሮጌ ስለሆነ ሰዓቱን ከራሷ ስልክ ጋር አገናኘችው። ከዚያ በኋላ ማታ ባልየው በር ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ሰዓቱ ቀድሞ ገብቶ፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለሰናይት ተርኮ ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ሰሞን ሰላም ነበር። አንድ ማታ ግን ሰናይት ስልኳን እያየች «ዛሬ ፎቅ ወጥተሃል እንዴ?» አለችው።

«የምን ፎቅ?»

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ። ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ፎቅ ወጥተሃል ይላል።»

ብርሃኑ ሳቅ ብሎ «ተሳስቶ ነው» አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። በማግስቱም አምስት ፎቅ። በሦስተኛውም ቀን አምስት ፎቅ። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ። ሰናይት አንድ ቀን ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ መጣችና ሕንፃው መግቢያ ላይ ያለውን ሰሌዳ ቆማ አነበበች። አንደኛ ፎቅ ጠበቃ፣ ሁለተኛ ፎቅ የጥርስ ሐኪም፣ አምስተኛ ፎቅ የሴቶች ውበት ሳሎን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ጮኸች ብላችሁ ካሰባችሁ ሰናይትን አታውቋትም። ልብሷን በሻንጣ ሰብስባ ላንቻ እህቷ ቤት ሄደች። ብርሃኑ ደግሞ እኔ ጋ መጣ፤ ፂሙን አልተላጨም፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም።

«ማለቴ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን በሰዓት ለወጠችኝ» አለኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፤ አልወጣህም?»

«ደረጃ አልወጣሁም» አለ። «ደረጃ» የምትለዋን ቃል ትንሽ ጠበቅ አድርጓት ነበር። እኔ ግን ያኔ ወደ ሽምግልናው እንጂ ወደ ሰዋስው አላደላሁም።

እሁድ ዕለት እኔና ብርሃኑ የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ ተካን ይዘን ላንቻ ሄድን። ጋሽ ተካ በስንትና ስንት ባልና ሚስት መሃል የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ብቻ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፎቅ ላይ ያለ ጠብ አይቀበሉም። የእህቷ ቤት ምድር ላይ ስለሆነ እሺ አሉን።

ሰናይት ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፎቁን እየጠራች አስረዳች። ጋሽ ተካ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ «እስኪ ምስክሩን አምጡት» አሉ። ብርሃኑ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጣቸው፤ እሳቸውም እጃቸው ላይ አሰሩት። ክርክሩ ቀጠለ። ውጪ ነፋስ ተነሳ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። ጋሽ ተካ ነገር ሲከርባቸው ተነስተው የመንጎራደድ ልማድ ስላላቸው ከሳሎኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሱ ጀመር። ዝናቡ ሲያባራ ሰናይት ስልኳን አየችና ዓይኗን ወደ ጋሽ ተካ አነሳች።

«ምነው?» አልኳት።

«ጋሽ ተካ ሦስት ፎቅ ወጥተዋል ይላል።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ተካ። «እኔ ደረጃ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ፣ ልጄ።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ሦስት ነው ያልሽው?» ብለው ጠየቁ። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር።

ስልኬን ከፍቼ ነገሩን ፈላለግኩና አነበብኩላቸው። ሰዓቱ ለካ ደረጃ አያይም። የሚለካው የአየሩን ግፊት ነው። ከፍ እያልክ ስትሄድ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሰዓቱም እየተራመድክ ግፊቱ ከቀነሰ «ፎቅ ወጣ» ብሎ ይጽፋል። ዶፍ ሲመጣም ግፊቱ ይቀንሳል፤ እሱ ግን ዶፉን ከፎቁ አይለይም። ብርሃኑ ይኸን ሲሰማ ከተቀመጠበት ቀና አለ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ጃኬቴን ፈለግኩ።

ሰናይት ግን የሒሳብ ሠራተኛ ናት። «ዛሬስ ዘነበ እሺ» አለች። «ብርሃኑ ላይ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ጠብቆ የሚዘንበው ምን ዓይነት ዝናብ ነው?»

ሁላችንም ወደ ብርሃኑ ዞርን። ብርሃኑ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ በመጨረሻ «ዳገቱ ነዋ» አለ።

«የምን ዳገት?»

«ከሱቁ ወደ ላይ ያለው። ምሳ ሰዓት ላይ ወክ አደርጋለሁ። በቃ፣ ለስኳሩ ብዬ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም ካዛንቺስ ተገኘን። ጋሽ ተካ ዳገቱን አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩትና ሱቁ ውስጥ ወንበር ስበው ቀሩ። ሰናይት ሰዓቱን በራሷ እጅ አሰረች። ሦስታችን ወደ ላይ ወጣን። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ፣ ግማሹ ተሠርቶ፣ መንገዱ ሰፍቶ የማይታወቅ ሆኗል፤ ዳገቱን ግን ማንም አልነካውም። ጫፍ ስንደርስ እኔ በአፌ ነበር የምተነፍሰው። ሰናይት ሰዓቱን አየች። አምስት ፎቅ ይላል፤ በዙሪያችን ግን አንድ ደረጃ እንኳ የለም።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቅር በለኝ» አለችና እጁን ያዘችው። «እኔ እኮ ለጤናህ ብለህ ስትደክም...» እኔም ፊቴን ዞር አደረግኩላቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የሚጠራው ደግሞ እኛ በፈለግነው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም።

ፊቴን ባዞርኩበት በኩል አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ከውስጧ ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ፣ በዕድሜም በሰውነትም ገፋ ያሉ ሴትዮ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ።

«ብርሃኑ፣ ምነው ዛሬ ቆየህ? ቦዘና ሽሮህ እኮ ሊቀዘቅዝ ነው። እንግዶችም ይዘሃል? ቅቤውን ጨመር ላድርገው?»

ሰናይት እጁን ለቀቀችው።

«ምሳ ዕቃህስ?» አለች፣ ቀስ ብላ። በየማለዳው ጎመንና ምስር ያለ ዘይት ቀቅላ የምትቋጥርለትን ማለቷ ነው። «ባዶውን እኮ ነበር የምትመልስልኝ።»

«ለሕንፃው ጥበቃ ነው የምሰጠው» አለ ብርሃኑ። ከዚያ የሚያባብላት መስሎት «በጣም ይወድልሻል» ብሎ ጨመረበት።

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። «ሴት ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ቦዘና ሽሮን ምን ይሉታል?»

ሱቁ ወርደን ለጋሽ ተካ ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረዳናቸው። «የክህደቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘግቷል» አሉ። «የሽሮው ጉዳይ ግን ለሐኪሙ ይመራ።» ሰናይት በዚህ ተስማምታ ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ብርሃኑን ግን እስከ ቀጠሮው ቀን አላናገረችውም።

ቀጠሮው በዚያው ሳምንት ነበር። አብራው ሄደች። ብርሃኑ እንደነገረኝ፣ መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ለሐኪሙ የምትናገረውን እያሰናዳች። ሽሮው፣ ቅቤው፣ ጥበቃው፣ ባዶው ምሳ ዕቃ፣ ሁሉም በየተራው ተሰልፏል።

ሐኪሙ የደሙን ውጤት አየ። ወረቀቱን ገልብጦ የባለፈውን አየ፣ እንደገና አዲሱን አየ።

«ስኳርህ በደንብ ወርዷል» አለ። «ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ዳገት እወጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ከእሁድ በቀር።»

«ግሩም ነው። ምግብስ? ምሳ ማን ነው የሚያዘጋጅልህ?»

ብርሃኑ ዞር ብሎ ሰናይትን አያት። ሰናይት ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አፏን ከፈተች።

ሐኪሙ ግን መልስ አልጠበቀም፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አንስቶ ለሰናይት ፈገግ አለላት። «የምትሠሪለት አንቺ ነሽ መሰለኝ። እንዳትቀይሩት። እጅሽ ይባረክ።»

ሰናይት ባሏን አየችው። ወረቀቱን አየችው። ያን ሁሉ የተሰለፈ ንግግር ዋጥ አደረገችና «አሜን» አለች።

ለጋሽ ተካ ይኸን ስነግራቸው ነገሩን እንደገና እንየው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አሜን የተባለበት ነገር ለሽማግሌ አይመለስም አሉኝ።