አባባ «አርባ አራት» ሲሉ

የአባባ ሳንባ ነጻ ነው! ትናንት የክሊኒካችን ጤና ረዳት በአፉ ነገረን፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት ለዚህ ሳምንት የግድግዳ ጋዜጣችን ስለ ንጽሕና ጥቅም የጀመርኩትን ጽሑፍ ቀድጄ ጣልኩት። ስለ ንጽሕና እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስለ ደብራችን መሪጌታ፣ ስለ አባባ ሳንባ ግን አታውቁም!

እኔ የምለው... በዓለም ላይ ሐኪምን እንደ መሪጌታ የሚያስቸግር በሽተኛ አለ? የለም!

የዘንድሮው ጉንፋን አንኮበርን እንደ ጉሟ ሲሸፍናት አባባንም አልማረ። ዳማ ከሴው ታሸ፣ ፌጦው ተወቀጠ... ሳሉ ወይ ፍንክች! ጤና ረዳቱ አልጋቸው ድረስ መጣና «ወደ ሳንባ ወርዶ ከሆነ ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው» አለ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከሰፈራችን በዚሁ ጉንፋን ወደዚያ የተወሰዱት አዛውንት ገና አልተመለሱማ!

ጤና ረዳቱ መጀመሪያ የአባባን ጀርባ በጣቱ ቋ ቋ አደረገ።

«ልጄ፣ ከበሮ እንዲህ አይመታም» አሉ አባባ እያሳሉ። «ቸኮልህ።»

«መሪጌታ፣ ይሄ እኮ ምርመራ ነው!»

«ቢሆንስ? ምርመራ ምት የለውም?»

ከዚያ መዳፉን ጀርባቸው ላይ አሳርፎ «አርባ አራት ይበሉ» አላቸው። ለካ በሽተኛ ሲናገር ድምፁ የሐኪሙ እጅ ላይ ይነዝራል፤ ሳንባው የታመመበት ቦታ ላይ ደግሞ አነዛዘሩ ይለያል። ስንት ቁጥር እያለ አርባ አራት ለምን እንደተመረጠ እኔን አትጠይቁኝ!

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አ... አ... አርባአአአ... አራአአ... አት!»

ሦስቱንም ዜማ አዳርሰው፣ በግዕዝ ጀምረው፣ በዕዝል አልፈው፣ አራራይ ላይ አሳረፉት!

«ያለ ዜማ፣ መሪጌታ!»

«ያለ ዜማ እንዴት ይባላል?»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ... (አባባን ጦጣ አላልኩም! ተረት ነው!) ይባስ ብሎ ደጅ የተቀመጡት የቆሎ ተማሪዎቻቸው፣ መምህር ሲመራ መቀበል ነውና ልማዳቸው፣ «አርባአአ አራአአት!» ብለው በአንድ አፍ ተቀበሉ። ጭብጨባውም ቀለጠ። እናቴ ከጓዳ «አርባ አራቱ ታቦት ይድረስልን!» አለች። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ጓዶች፣ አዲስ መፈክር ወጣ እንዴ?» አሉ።

ጤና ረዳቱ ላቡን ጠረገ። «በቃ፣ መለየት አልቻልኩም። ለማንኛውም ደብረ ብርሃን ይሂዱ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ግን ሳስበው... አባባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያለ ዜማ የሚናገሩት መቼ ነው? ሲቆጡ!

«ጋሼ፣ እጅዎን እንዳያነሱ» አልኩት ጤና ረዳቱን። ወደ አባባ ዞርኩና፣ «አባባ፣ ሰው ሁሉ የመዘዞው ደብር መሪጌታ ድምፅ ከእርስዎ ይበልጣል ይላል» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያማ...

«ማን? ያ በአፍንጫው የሚያዜመው? እኔ ማሕሌት ስቆም እሱ መች አፉን ፈታ! ማነው ያለው? ተናገሪ አንቺ!»

አንዲት ዜማ የለበትም! ጤና ረዳቱ መዳፉን ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያዘዋወረ «ይቀጥሉ መሪጌታ... ግፉበት!» ይላል። ተቆጥተው ተቆጥተው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ደግሞ ማዳመጫውን ለጠፈና በረጅሙ ሲተነፍሱ አዳመጠ። ከዚያም ፈገግ አለ።

«ነጻ ነው! ጉንፋን ብቻ ነው። የትም አይሄዱም።»

የእናቴ እልልታ ቆላ አሊዩ አምባ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም!

አሁን ደስታዬ ሙሉ ነው... ከአንዲት ነገር በቀር። አባባ ቁጣቸው አልበረደም። «እንዲያ ያሉትን ሁሉ እሁድ ለማሕሌት ጥሪያቸው፤ መጥተው ይፍረዱ» ብለውኛል። ያለ ሰው ግን የለም፤ ከራሴ ነው ያመነጨሁት! ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ጥሪውን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ። ጉንፋኑ እንዳይዛችሁ ነጠላችሁን አፋችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ኑልኝ። ከመካከላችሁም አንድ ደፋር ካለ፣ በአርባ አራቱ ታቦት... «እኔ ነኝ ያልኩት» ይበልልኝ!