በማታ ዜና ያልተነገረው ቃጠሎ

የደሴቲቱ ማኅበረሰብ ሬድዮ ሥራ አስኪያጅ እውነትን ከስድነት ያዳኑ ታላቅ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት እውነት በዚያች ውሃ በከበባት ከተማ ባለቤት እንደሌላት ፍየል በየደጁ ትዞር ነበር። ጀልባ ሲመጣ ያየ ሁሉ "መጣ" ይላል፤ ሰው ሲታመም ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል። ማታ ሬድዮው ዜና ሲያነብ ሕዝቡ "እሱንማ ጠዋት ሰምተነዋል" እያለ ያዛጋል። በዚህ ላይ ከውሃው ማዶ ያሉት የበላይ አለቃ "ሰሚ የሌለውን ጣቢያ እንዘጋለን" ብለው ነበርና፣ የሥራ አስኪያጁ ወንበር መነቃነቅ ጀመረች።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ መመሪያ አወጡ፦ "ማንኛውም ክስተት በጣቢያችን የማታ ዜና እስካልተነገረ ድረስ እንዳልተከሰተ ይቆጠራል። ቀድሞ የተናገረ ወሬ ነዝቷል።" የከተማው ምክር ቤት መመሪያውን በጭብጨባ አጸደቀ፤ ጭብጨባው ግን እስከ ማታ ድረስ እንዳልተጨበጨበ ተቆጠረ።

ምን ይደረግ፣ ሕግ ሕግ ነው። ጀልባ ወደብ ላይ ታስራ ተሳፋሪዎቿ እስከ ማታ አይወርዱም፤ አልደረሱማ! አናጺው ከመሰላል የወደቀ ዕለት "ወደቅሁ" ማለት ስላልተፈቀደለት፣ መሬት ላይ ተዘርሮ ላለፈ ላገደመው ሁሉ "ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው" ሲል ዋለ። የማታ ዜና አድማጭ ግን በዛ፤ ወንበሯም ረጋች።

ከሁሉ የከፋው በሥራ አስኪያጁ አማት ደረሰ። እኚህ ሴት ቤታቸው ከጣቢያው አጥር ጋር የተያያዘ፣ ደጃቸው ላይ የውሃ ጉድጓድ ያላቸው፣ ሬድዮው ሳይመጣም የከተማዋ ዜና ከእሳቸው አፍ የሚወጣ ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጃቸው፣ የሥራ አስኪያጁ ሚስት፣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑን ታቅፈው ለጎረቤት ሊያሳዩ ሲወጡ አማቻቸው በሩ ላይ ቆሙ።

"እማማ፣ ልጁ ገና አልተወለደም።"

"እቅፌ ውስጥ የሚያለቅሰው ታዲያ ማነው?"

"እሱ ያልተረጋገጠ ምንጭ ነው። ማታ እኔው ራሴ አነበዋለሁ።"

አማት ሕፃኑን እንደታቀፉ ወደ ቤት ተመለሱ።

አባት ግን ደስታው ውስጥ ውስጡን ያቃጥላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ምድጃ ለኩሰው ሻይ ጣዱና የልጃቸውን መወለድ የሚያበስረውን ዜና ይለማመዱ ጀመር። ድምፃቸው ለራሳቸው ስለጣማቸው ደጋገሙት። ማንቆርቆሪያው ደረቀ፤ መጋረጃው ተያያዘ፤ እሳቱ ጣሪያ ደረሰ። እያሳሉ ሲወጡ ጎረቤቱ በየደጁ ሬድዮውን ታቅፎ፣ ጨዋ ነውና፣ እሳቱን አይቶ እንዳላየ ሆኗል። አማት ውሃ የሞላ ባልዲ እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል።

"እማማ፣ ጣቢያው እየነደደ ነው! ባልዲውን ያቀብሉኝ!"

"ተነገረ እንዴ ልጄ?"

"በምን ይነገር? ማይክሮፎኑ እኮ ነው የሚነደው!"

"እንግዲያው ወሬ ነው" አሉ አማት፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው።

"መመሪያውን ሽሬዋለሁ!"

"እሱንም ማታ እንሰማዋለን።"

ሥራ አስኪያጁ አፈር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አማትም ሰው ናቸውና አንጀታቸው አልቻለም፤ ባልዲውን አነሱ። ያን ጊዜ ጣሪያው ወረደ።

በማግስቱ የበላይ አለቃው በሥራ አስኪያጁ የእጅ ስልክ ደውለው ጣቢያው እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ዞር ብለው አመዱን አዩ፤ ወንበራቸውን አሰቡ። ተቃጠለ ቢሉ ሥራቸው አበቃ። ደግሞስ ማን ተናገረና? "ስለ ቃጠሎ በጣቢያችን የተነገረ ነገር የለም" ብለው መለሱ፤ አንዲት ቃል አልዋሹም። አለቃውም አመሰገኗቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው ከረባታቸውን አስረው ይሄዳሉ። ከቃጠሎው ለብቻዋ ተገትራ የቀረችውን በር በቁልፍ ከፍተው ይገባሉ፤ ነፋስ እንዳይገባም ከኋላቸው ይዘጓታል። ደመወዛቸው አልተቋረጠም።

ሰሞኑን አንድ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ከአያቱ እጅ አምልጦ በሯን በትንሽ መዳፉ ደበደበ።

"ማነው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ፣ አመድ ላይ እንደተቀመጡ።

"ማንም አይደለም" አሉ አማት ልጁን ብድግ አድርገው እያቀፉ። "ገና አልተነገረም።"