የደሴቱ ማኑዋል በበዴሳ ገበያ

ዛሬ በዴሳ ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በገዛ ስላይዴ ተመታሁ።

ቁጭ በሉና ስሙኝ። ሳቁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ፤ የዘመዶቼ ግማሽ እዚህ ፔጅ ላይ ነው።

ለማታውቁኝ፦ ሥራዬ አንድ ኤንጂኦ ውስጥ ወጣቶች አነስተኛ ቢዝነስ እንዲጀምሩ ማሰልጠን ነው። ቢሮዬ ሶዶ፣ ቬስቴ ሰማያዊ፣ አፌ ጤፍ ይቆላል።

የምናሰለጥንበት ማኑዋል ግን የተዘጋጀው ለአንድ የደሴት አገር ነው። እዚያ ወጣቶቹ የኮኮናት ሳሙና ሠርተው ከመርከብ ለሚወርድ ቱሪስት ይሸጣሉ። እኔ ምን አደረግኩ? ባሕሩን አንስቼ የዳሞታን ተራራ ፎቶ ለጠፍኩ፣ «ሳሙና» የሚለውን በሙሉ «ዳጣ» አልኩት። አለቀ!

አንዱ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ዳጣውን ወደብ ላይ ደርድሩ ይላል፤ ወደቡ የት ነው?» አለኝ።

«መናኸሪያው ነው» ብዬ አለፍኩ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

አሁን ወደ ምህረት ልምጣ። የበዴሳ ልጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። በርበሬ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭታ ዳጣ ትሠራለች። ከንፈራችሁ እየተቃጠለ ድገሚኝ የምትሉት ዓይነት ነው። ከስልጠናው በፊት ደንበኛ ነበራት።

ልብ በሉልኝ። ከስልጠናው በፊት።

ምህረት የገዢውን ዕቃ ሞልታ ስታበቃ አንድ ማንኪያ ምርቃት ትጨምር ነበር፣ ክዳኑ እስኪያስቸግር። እኔ ስላይድ አምስትን አወጣሁና «ሳይሸጥ የሚወጣ ሁሉ ኪሳራ ነው፤ ምርቃት ይቁም» አልኳት። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ አቆመች።

ዛሬ የእሷን «የስኬት ታሪክ» ልጽፍ ከሶዶ በሚኒባስ ሄድኩ። ምህረት ዕቃዎቿን ልክ እንደ ስላይዱ ደርድራ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው ዳጣ ሻጭ ጋ ሰው ተሰልፏል። ያቺኛዋ ትመርቃለች።

«ቲቸር፣ በዚህ ወር ካልሆነልኝ ወፍጮዋን ሸጬ ሐዋሳ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ሆቴል ዕቃ አጣቢ ይፈልጋሉ አሉ።»

ያቺን ትንሽ ወፍጮ የገዛችላት እናቷ ናት፣ ያለቻትን አንድ ጊደር ሸጣ። አንጀቴን በላችው።

ልርዳት ብዬ ተነሳሁ። አንዲት አሮጊት ሲያልፉ «እማማ፣ ጥራቱን የጠበቀ ዳጣ እዚህ አለ» አልኩ።

እማማ ቆሙ። «እሱን ልጅ አውቀዋለሁ። ደህና ልጅ ነበር፣ አሁን ቆንቋና ሆኗል» አሉ። እማማ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱም ወንዱም እሱ ነው። «ያስተማረው ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?»

ምህረት መሬት መሬት አየች። እኔ ቬስቴን አየሁ።

ይሄም አልበቃም። እማማ ጠጋ ብለው ፊቴን መረመሩና «አንተ የአበበች ልጅ አይደለህም? የቅቤ ሻጯ?» አሉኝ።

ነኝ። ሴት ልጇ ነኝ። ያደግሁትም እዚያው ገበያ ነው። እናቴ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትሸጥ ነበር። ገዢዋ ከፍላ ስትነሳ እናቴ በጣቷ ቅቤ ቆንጠር ታደርግና አናቷ ላይ ጣል ታደርግላታለች። ልጅ ካዘለችም ለልጁ። «በሚቀጥለው ገበያ በደህና ያገናኘን» ትላታለች። እኔ ትምህርት ቤት ቅቤ ቅቤ ስሸት አፍር ነበር። ዛሬ ያን ሽታ አንድ ጊዜ ለሚመልስልኝ ሰው ሰርተፍኬቶቼን በሙሉ እሰጠዋለሁ።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። እማማ ግን ሻሻቸውን ገፋ አድርገው አናታቸውን ነኩና «እዚህ ጋ ነበር የሚያደርግልኝ» አሉኝ።

አለቀስኩ። ገበያ መሀል፣ በቬስት።

ያኔ ነው የገባኝ። ከመርከብ የወረደ ቱሪስት ነገ አይመለስም፤ ምርቃት ምን ይሠራለታል? በዴሳ ግን በየገበያው የሚመጣው ያው ሰው ነው። እናቱ ያዘለችው ልጅም አድጎ ይመጣል። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ ያ የእናቴ ጣት ነው። ተምሬ መጣሁና ከለከልኩት።

«ምህረት፣ ስላይድ አምስትን እርሺው» አልኳት።

አላመነታችም። ለእማማ ሞላች፣ አንድ ማንኪያ ጨመረች፣ ክዳኑ እምቢ አለ። እማማ እየሳቁ በወላይትኛ ጓደኞቻቸውን ጠሩ፣ ሦስት ሴቶች መጡ። ሐዋሳ ቀርቷል አልልም። ግን እስክሄድ ድረስ ወፍጮዋን ስለመሸጥ ደግማ አላነሳችም።

እኔም አንድ ዕቃ ልግዛ አልኩ። ሞላችልኝ። ጠበቅኩ። ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው።

«ምርቃቴስ?»

«ለእርስዎ እንደ ስላይዱ ነው፣ ቲቸር።»

አሁን ሶዶ ገብቼ የስኬት ታሪኩን ልሞላ ተቀምጫለሁ። ፎርሙ ላይ «አሰልጣኟ ያመጣችው ለውጥ» የሚል ባዶ ቦታ አለ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ብዬ ልሙላው?