ጋሼ ቢሻው እና የመከታ እግር

በየሰፈሩ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰፈር አልሆነም። ጀነሬተር ሲቆም ይጠራል፤ ሳይጠሩትም ይመጣል። ጥርስ ያመመው ካለ ጥርሱን፣ ስልክ የተበላሸበት ካለ ስልኩን ያያል። አይቶ ዝም ቢል ማን ይጠላው ነበር? ግን ዝም አይልም።

በሱዳን ድንበር ኮኪት አጠገብ ያለው የእነጥሩአየሁ ሰፈር ይህን ማዕረግ የሰጠው ለክቡር ጋሼ ቢሻው ነው። የጋሼ ቢሻው እንጀራ ትራክተር መንዳት ነው፤ የቀረው የዓለም ሙያ ሁሉ ደግሞ ትርፍ ሥራቸው ነው። ወሬያቸው የሚጀምረው «ገዳሪፍ እያለሁ» በሚል ነው። ገዳሪፍ እያሉ የግመል ዓይን አክመዋል፤ ገዳሪፍ እያሉ የሞተ ሞተር በሚስማር አስነስተዋል፤ ገዳሪፍ እያሉ የተሰበረ ክንድ ጠግነው ባለክንዱ በማግስቱ ጆንያ ተሸክሟል። ጥሩአየሁ አንድ ቀን ሰሊጥ ስታርም ይህን ሁሉ ሙያ ለመልመድ የሚፈጀውን ዘመን በሐሳቧ ብትደምረው፣ ጋሼ ቢሻው ገዳሪፍ የገቡት ሳይወለዱ ሆኖ አገኘችው።

ወሬያቸው የሚዘጋው ደግሞ «ተማም፤ እሱን ለእኔ ተውት» በሚል ነው። ድንበር ላይ ተማም ማለት ሁሉም ነገር ደህና ነው ማለት ነው። ጋሼ ቢሻው ሲሉት ግን የሰፈሩ ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል።

እናም የጥሩአየሁ ውሻ መከታ ማነከስ የጀመረ ለት፣ ጋሼ ቢሻው እንደ ልማዳቸው ሳይጠሩ መጡ።

መከታ ደረተ ሰፊ ቀይ ውሻ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ከቆመ በኋላ እስኪደርቅ ሜዳ ላይ ስለሚቆይ፣ ያን ሂላ ከከብትም ከሌባም የሚጠብቀው እሱ ነው። ለጥሩአየሁ ግን ከዘበኛም በላይ ነው። እናቱን እባብ ነድፎ ሲገድላት ገና ዓይኑን አልገለጠም ነበር፤ በጡጦ ወተት ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን በፊት እግሩ ጣቶች መካከል ቀይ እባጭ ወጥቶበታል፤ አንዱ ፈንድቶ ደም የቀላቀለ መግል ያወጣል። ያን ሲልስ ይውላል፤ በላሰ ቁጥር ይብስበታል።

ባሏ ባየልኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንስሳ ሲሰቃይ ማየት ግን አይችልም። «አጨዳው ሳያልቅ እግሩ ካልረገጠ፣ ከስቃዩ እገላግለዋለሁ» አላት። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲያ ጥሩአየሁ በዚያ ግድግዳ ሥር ስታልፍ ቀና ብላ ማየት ተወች።

ጋሼ ቢሻው የውሻውን እግር ጎማ እንደሚመረምር ሰው አገላብጠው አዩና፣ «ይኸ ከመሬቱ ትኩሳት ነው፤ ቅባት አጥሮታል» ብለው ፈረዱ። በቆላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የማይቀባ ነገር የለም፤ የፍየል እከክም፣ ምስጥ የሚበላው ምሰሶም የሚቀባው እሱን ነው። የመከታም እግር ተቀባ። መከታ ግን ምሰሶ አይደለምና የተቀባውን አንድ ሳያስቀር ላሰው፤ ሲያስመልሰው ዋለ፣ እባጩም ጨመረ። ጋሼ ቢሻው ይህ ሲነገራቸው አልደነገጡም። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የትራክተሩ ነው፣ ዘይቱ ካሮጌ ሞተር የወጣ ሆኖ ነው አሉ።

ቀጥለው ከጎማ ካላማዳሪ ጫማ ሰፉለት። እሾህና አቧራ እንዳያገኘው ዙሪያውን በሽቦ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ለአጨዳ ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው ጫማ ያደረገ ውሻ ሲያልፍ አዩ። አንዱ የጎጃም ሰው ወደ ራሱ አሮጌ ሸበጥ ተመልክቶ፣ ቆላ ሲገባ ውሻ ሆኖ መግባት ነበር ብሎ አጉረመረመ። ጥሩአየሁም እንኳ ያን ለት ሳቀች። ግን በዚያ ሙቀት ጎማ ውስጥ የታፈነ ቁስል ምን እንደሚሆን የታወቀው ጫማው ሲወልቅ ነው። ሽታው ጋሼ ቢሻውን ዝም አሰኛቸው፤ ይህ በራሱ በሰፈሩ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ነበር።

መከታ ከዚያ በኋላ ከተኛበት አልተነሣም፤ ምግቡንም ተወ። አንድ ቀን ጥሩአየሁ ከማሳ ስትመለስ ባየልኝ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ጋሼ ቢሻውም በዚያው ሰዓት በትንሽ ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ይዘው፣ «ገዳሪፍ እያለሁ» እያሉ ገቡ።

ጥሩአየሁ በውሻውና በሰዎቹ መካከል ቆመች። የባትሪ ውሃ ብረት እንደሚበላ ታውቃለች። ጋሼ ቢሻውን ተሳድባ አታውቅም፤ አሁንም አልተሳደበችም።

«ጋሼ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ» አለቻቸው። «የመከታን በሽታ ያውቁታል?»

ጋሼ ቢሻው አፋቸውን ከፈቱ። መከታ አንገቱን ጎትቶ አገጩን ጫማቸው ላይ አሳረፈ፤ ያን ሁሉ ካደረጉበት በኋላ ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ። ሽማግሌው ቁልቁል አዩት።

«አላውቅም» አሉ። «ይኸንስ አላውቀውም፣ እህቴ።»

ባየልኝ ከተቀመጠበት ተነሣ። እሱም ቢሆን ከጋሼ ቢሻው አፍ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ጋሼ ቢሻው ግን ለሌላ ንግግር ጊዜ አልሰጡም፤ ጠርሙሱን ጣሉና ውሻውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወጡ። ሥራ የሚበዛበት ወቅት መሆኑን፣ ትራክተራቸውን የሚጠብቅ ሰው መኖሩንም ረስተው፣ ጥሩአየሁን ከነውሻዋ ተሳቢው ላይ ጭነው ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ የእንስሳት ክሊኒክ ነዱ። ትራክተር ሩጫ አያውቅም፤ ያን ለት ግን ሳይሞክር አልቀረም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም መቅዲ የምትባል ልጅ ናት። በጣቶቹ መካከል ያለውን ፀጉር ላጨች፣ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፈዘፈች፣ ካደነዘዘች በኋላ እባጩን ከፍታ በመቆንጠጫ አንዲት የሾለች የሣር ፍሬ አወጣች። ማሳ ሲዞር ቆዳውን በስታ ገብታ፣ ውስጥ ለውስጥ መግል ስትሠራ ከርማለች። ሐኪሟ ሌላ ተአምር የለውም አለች፤ በጨው ውሃ ማጠብ፣ በጣቶቹ መካከል አድርቆ መጥረግ፣ እባጩን በእጅ አለመጭመቅ፣ የታዘዘለትን ክኒን ሳያቋርጡ መጨረስ። ከሁሉም በላይ ግን መላሱን ማስቆም፤ አንገቱ ላይ የሚደረግ መከለያ አለ፣ በእሱ አንገት ልክ ግን አልቀረም።

እስከዚህ አንገታቸውን ደፍተው የቆዩት ጋሼ ቢሻው ቀና አሉ።

«ተማም፤ እሱን ለእኔ ተውት።»

ጥሩአየሁ መከታን ወደ ራሷ ሳበች። ሰውዬው ከተሳቢው ላይ ቢጫ ጀሪካን አወረዱ፣ ታችና ላዩን በቢላዋ ቆረጡ፣ ጎኑን ቀደው እንደ ቀንድ ጠቀለሉት፣ አንገት የሚነካውን ጠርዝ ከዚያ ከታወቀው ጫማ በተረፈ ጎማ ሸፈኑት። ሲያጠልቁለት ልክ ሆነ። መከታ ወደ እግሩ ቢያጎነብስ አልደረሰም። መቅዲ ዞራ ዞራ አየችውና ለሌሎች ውሾችም ይሥሩልን አለቻቸው። ጋሼ ቢሻው ከዚያ ለት ጀምሮ በቁመት የጨመሩ ይመስላሉ።

አጨዳው ሳያልቅ መከታ እግሩን ረገጠ። ቢጫ ጀሪካኑን አጥልቆ ሂላው ሥር ሲቀመጥ ሌባውም ከብቱም ከሩቅ አይቶት ይመለሳል። ባየልኝ ጠመንጃውን ወደ ቦታው ሲሰቅል በረጅሙ ተነፈሰ፤ ጥሩአየሁ ያን ትንፋሽ ስትሰማ እሱም እንደ እሷ ሲፈራ እንደከረመ ገባት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ግድግዳ ሥር ቀና ብላ ታልፋለች።

ጋሼ ቢሻው ግን ጋሼ ቢሻው ናቸው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «ገዳሪፍ እያለሁ እንዲህ ያለውን በጨው ውሃ ነበር የማድነው» ሲሉ ሰማቻቸው። የጎጃሙ ሰው እውነት ነው ወይ እንደማለት ወደ እሷ ዞረ።

«እውነት ነው፤ መከታን ያዳኑልኝ እሳቸው ናቸው» አለች። ስትናገረው ውሸት አልመሰላትም። አዋቂ ገንዳ ውሃ ድረስ ተሄዶ ይገኛል፤ የሰው ውሻ ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ግን የትም አይገኝም። ትወዳቸዋለች፤ ሌላ ስም የለውም።

በቀደም ፍየሏ ማሳል ጀመረች። ባየልኝ ጥቂት አመነታና፣ ጋሼ ቢሻውን ልጥራቸው ወይ አላት።

«ጥራቸው» አለች ጥሩአየሁ፣ ፍየሏን መፍታት ጀምራ። «ግን ከነትራክተራቸው ይምጡ።»

ባየልኝ ከደጅ ሳይወጣ የትራክተሩ ድምፅ ተሰማ።