ጢም ያለው ፖም

ብክነትን ድል መንሣት ለሠለጠነ ሕዝብ ከባድ አይደለም፤ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ትበቃዋለች። በሚኒሶታ ትንሽ ከተማ ይህን ገድል የፈጸመችው ሲግሪድ ሃልቮርሰን ናት። ለክፍል ፕሮጀክቷ በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት አንድ ጠረጴዛ አኖረች፤ ፍራፍሬውን ያልፈለገ ያስቀምጥበታል፣ የፈለገ ያነሣል። የፍራፍሬው መጣያ ቅርጫት በየቀኑ ይመዘናል። ባዶ ሆኖ ከከረመ፣ ሲግሪድ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በሕልሟ የምታየውን የአንደኝነት ሰማያዊ ሪባን ትሸለማለች።

ታዲያ ደንብ አለ፤ ፍራፍሬ ያላነሣ ተማሪ ምሳ በላ አይባልም።

«እኔ ፖም አልወድም» አለ አንዱ።

«ውደድ ማን አለህ? አንሣ ነው ያልኩህ!» አሉት ምግብ አዳይዋ ሚስ ዶሎረስ።

አነሣ። ሦስት እርምጃ ተራምዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሚስ ዶሎረስም ለቅመው፣ አጥበው፣ በማግስቱ መልሰው አቀረቡት።

ነገሩ አላምር ያላት ሲግሪድ፣ ለይታ ልትከታተለው ብላ፣ አንዱ ፖም ላይ በማይለቅ ቀለም ጢም ሳለችበት። ባለጢሙ በሦስት ሳምንት አሥራ አምስት ተማሪ «መገበ»፤ ከመጨማደዱ በቀር አንዳች አልጎደለበትም።

«ዜሮ! ዛሬም ዜሮ!» አሉ ርእሰ መምህሩ ሚስተር ፕሬንቲስ፣ በቅርጫቱ ላይ አጎንብሰው።

«ግን እኮ ማንም አልበላውም።»

«ስሚ ሲግሪድ፣ ፕሮጀክትሽ ስለ ብክነት ነው። ስለ መብላት ማን ጠየቀሽ?»

ዓርብ ዕለት ወላጆች ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ሚዛን ላይ በተቀመጠው ባዶ ቅርጫት ዙሪያ ተሰበሰቡ። «ክቡራን እንግዶች! ዛሬ ፖም ታሪክ ሠራ!» ብለው ሚስተር ፕሬንቲስ ሪባኑን ደረቷ ላይ ሰኩላት፤ ለማስታወሻ ይሁንሽ ብለውም አንድ ፖም አስጨበጧት። ብታየው ጢም አለው። ሲግሪድ አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። እናም ገመጠችው። ደረቅ ነበር፣ ቢሆንም ጢሙን ሳታስቀር በላችው። ተግጦ የቀረውን የፖሙን መሐል ከነፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ጣለች።

ሚዛኑ ንቅንቅ አለ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ ሚስተር ፕሬንቲስ ፊታቸው ገርጥቶ።

«በላሁት።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ እድፍ ያልነካው መዝገብ! በሰው ፊት!»

ሪባኑ እዚያው ተነቀለ። በምትኩ ሁሉም ተማሪ ፕሮጀክቱን ሲጨርስ የሚሞላው ቅጽ ተሰጣት። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ከፕሮጀክቱ ምን ተማርሽ?»

ሲግሪድ አፏን ጠረገችና ጻፈች፦ «ምግብ የሚባክነው ሲበላ ነው።»