የአቶ ኃይለ ገብርኤል ጋራዥ በር

በየሰፈሩ ግንበኛ የማይጠራ አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም የሚል ካለ፣ ያ ጎረቤት እሱ ራሱ ነው።

የእኛ የዘንዘልማ ሰፈር ክቡር ኢንጂነር አቶ ኃይለ ገብርኤል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን እንጂ፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ነው። ጡረታ በወጡ ማግስት መጋዝ አነሡ። የተሰበረ ነገር ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። «ይቺ ምን አላት!» ይላሉ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ያን ጊዜ ዕቃህን ይዘህ መሮጥ ነው።

የእኛን የበር ደወል ጠገኑልን፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደወሉ በተጫነ ቁጥር የሳሎኑ መብራት ይጠፋል። ባለቤቴ እንግዳ መምጣቱን የምታውቀው በጨለማው ነው። የእድራችንን አግዳሚ ወንበሮች አስተካክላለሁ ብለው አንዱን እግር ሲቆርጡ፣ ሌላውን ሲያሳጥሩ፣ አሁን ለቀስተኛው ጉልበቱን ታቅፎ ነው የሚቀመጠው። ባለሙያ ቢጠራስ ስላቸው፣ ባለሙያ ማለት እኮ ቀድሞ የጀመረ ሰው ነው ይሉኛል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበድ አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከአባታቸው የወረሷት አሮጌ ቮልስ አለች። ውርሱ የወይዘሮዋ ይሁን እንጂ የሚያጥባትም፣ የሚያሞቃትም፣ የሚያዋራትም እሳቸው ናቸው። ማደሪያ ስለሌላት በሸራ ተጠቅልላ መንገድ ዳር ነበር የምታድረው፤ ባለፈው ክረምት ወንበሯ እንጉዳይ አበቀለ። ወይዘሮ የሺመቤት ቁርጡን ተናገሩ፦ ሰኔ ሳይገባ ጣራ ሥር ካልገባች አንበሳሜ ከተማ ለሚኖረው ወንድማቸው ትሰጣለች። አቶ ኃይለ ገብርኤል ሁለት ቀን እህል አላሰኛቸውም። በሦስተኛው «ይቺ ምን አላት!» አሉና ጋራዥና የእጅ ሥራ ክፍል አንድ ላይ ሊሠሩ ተነሡ።

አቤት ሲሠሩ! ብሎኬቱን ራሳቸው ደረደሩ። ቱንቢ ሲጥሉ ግድግዳው ዘመመ ብንላቸው፣ የዘመመው ቱንቢው ነው ብለው ተቆጡን። የመጀመሪያውን ጣራ ከሰፈራችን አጠገብ ካለው ሐይቅ የመጣ ነፋስ አንሥቶ የእኔ ጎመን ላይ አሳረፈው። ሊወስዱት ሲመጡ ጭራሽ ደስ ብሏቸዋል፤ ሳይበታተን የበረረው ምስማሩ በደንብ ስለተመታ ነው አሉኝ። ምን ይባላል? አንዱን ጫፍ ይዤ አሸከምኋቸው።

አቶ ኃይለ ገብርኤል የመሪጌታ ልጅ ናቸው። ሳይጸልዩ ሥራ አይጀምሩም፤ ጸሎት ደግሞ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ጠረጴዛውን ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር በኮንክሪት አያያዙት፤ ትልቁን የመኪና በር ደግሞ ከጀርባቸው፣ በምዕራብ በኩል አወጡት። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ መንገዱ ያለው በምሥራቅ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የእኔ አጥር ነው።

ይህን እሳቸውም፣ እኔም፣ መላው ሰፈርም ልብ ያልነው በግንቦት መጨረሻ እሑድ፣ የንስሐ አባታቸው ጠበል ረጭተው፣ ቮልሷ ተነሥታ ስትንደቀደቅ ነው። በጋራዡ ጎን ለፍየል እንጂ ለመኪና የሚሆን መተላለፊያ የለም። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ግን መሪውን እንደያዙ ሞተሩን አጠፉ።

«እንግዲህ ወንድሜን ልጥራው?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ቀስ ብለው።

«ጥሪው፤ እኔ አልቻልሁም» አሉ።

በጎረቤትነት ዘመናችን ሁሉ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በሉት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሄጄ የገዛ አጥሬን መንቀል ጀመርሁ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ መጥቶ ገባበት። ቮልሷ በወዲያኛው መንገድ ዞራ በእኔ በር ገባች፣ ከነፋሱ በተረፈው ጎመኔ ላይ አለፈች፣ ጋራዡ ውስጥ ቆመች። እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ የሺመቤት እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ፤ ወንድማቸውም ሳይጠራ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ግቢዬ መንገድ ሆኗል። ጠዋት ጥሩንባ ይነፋሉ፣ በሬን እከፍታለሁ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እንዴት አደርህ ይሉኛል። በዚያው የተሰበረ ነገር እንዳለ ግቢውን በዓይናቸው ይቃኛሉ። ሲመሽም እንደዚሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ የሺመቤት ይሉኝታ ይዟቸው፣ ጠረጴዛውን አፍርሶ በምሥራቅ በኩል በር የሚያወጣ ግንበኛ አመጡ። እውነተኛ ግንበኛ! አቶ ኃይለ ገብርኤል አንገታቸውን ደፍተው፣ እሺ፣ ያፍርሰው ብለዋል። ስንት ዓመት ባለሙያ ይጠራ ብዬ የለመንሁ ሰውዬ፣ መዶሻው ሲነሣ ሳይ የግንበኛውን እጅ ያዝሁ።

«ተው ወንድሜ» አልሁት። «እሳቸው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ይሥሩ። መንገዱ በእኔ ግቢ ነው።»