ከየቤቱ አንድ ሰው

እኔ የምለው፣ ሐዘንተኛ ሰው ሲኒማ ያያል እንዴ? አያይም ትሉኛላችሁ። እኔም እንዲያ ነበር የማውቀው። ሐዘንተኛ ራሱን ተላጭቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ደጁ ላይ ይቀመጣል። እኔ ግን አየሁ። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሳቅሁም። ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ከመነሻው ላውጋችሁ።

ባለቤቴ የሺ በወሊድ ሞተች። ልጁ ተረፈ። ስለ እሷ ብዙ አልልም፤ አልችልበትም። የምነግራችሁ ከእሷ በኋላ ቤቴን ስለወረሱት ሁለት እናቶች ነው። አንዷ እናቴ ጥሩነሽ ናት። ሁለተኛዋ የየሺ እናት፣ እመት አንጓች ናቸው። ሁለቱም ለለቅሶ መጥተው በዚያው ቀሩ።

ፉክክሩ የጀመረው ከቀብሩ ነው። አማቴ ፀጉራቸውን ተላጩ። እናቴም ተላጨች። አማቴ ፊታቸውን ነጩ። እናቴም ነጨች፤ ለምራት ፊት መንጨት የት አገር ወግ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ለቀስተኛው ማንኛዋን እንደሚያጽናና ግራ ገባው። እኔን የሚያጽናና ጠፋ።

ከዚያ ፉክክሩ ወደ ልጁ ዞረ። አማቴ ምትኩ አሉት፣ የልጄ ምትክ ነው ሲሉ። እናቴ ተገኘ አለችው፣ ከሞት አፍ የተገኘ ነው ብላ። አማቴ የሺን ያዘሉበትን አንቀልባ ከቤታቸው አስመጡ። እናቴም እኔን ያዘለችበትን ከቆጥ አውርዳ፣ አራግፋ አመጣች። አማቴ አዩትና፣ ይኼን አይጥ ሳይበላው በፊት ምን ነበር ብለው ጠየቁ። እናቴም፣ አይጥ የሚበላው የጣፈጠውን ነው አለች። ልጁ ከአንዱ አንቀልባ ወደ ሌላው ሲገላበጥ ይውላል።

አንቀልባ ግን አያጠባም። የላም ወተት ሲሰጡት መልሶ ያወጣዋል። ክንዱ እንደ እንዝርት ቀጠነ። አማቴ፣ ገሳይ አራስ የእህት ልጅ አለችኝ፣ ትምጣ አሉ። እናቴ፣ ከገሳይ ድረስ የሚመጣ ጡት መንገድ ላይ ይደርቃል አለች። እናቴ በፈንታዋ አንበሳሜ የምታጠባ ዘመድ አገኘች። አማቴ ደግሞ፣ የአንበሳሜ ሴት ገበያዋን እንጂ ልጅ መቼ ታውቃለች አሉ። እንዲህ ሲባባሉ ልጄ ከሁለት ያጣ ሆነ።

ጡት ጠፍቶ ነው እንዳትሉ። ከአጥራችን ማዶ ትርንጎ አለች። ሸክላ ሠሪ ናት። የልጄ እኩያ የሆነች ሴት ልጅ ታጠባለች፤ ወተቷ ቀሚሷን ያርሰዋል። አንድ ጧት በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና፣ "አያ ደሴ፣ ልጁን አምጣውና ላጥባው። የኔዋ አትጨርሰውም፤ መሬት ነው የሚጠጣው" አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት ሁለቱ እናቶች ከውስጥ ባንድ ድምፅ "ወግጅ!" አሉ። ባለ እጅ ናት። ዓይኗ ይበላል። ወተቷ ወደ ዘር ይገባል። የሺ ከሞተች ወዲህ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጧት ነው። ትርንጎ አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። በዚያ ወርቅ የሚገዛ ጡት ግን አላገኘሁም።

ታዲያ ባንዱ ቀን ጭቃ ሹሙ እየዞረ ለፈፈ። ጣሊያን በመኪና ሲኒማ አምጥቷል፤ ሲመሽ ገበያው ላይ ያሳያል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ፤ የቀረ ወዮለት። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ወዮለት የሚባለውን ነገር እናውቀዋለን። ሰው ድንጋይ ሊሸከም እንደሚወጣው ሁሉ ሊስቅ ወጣ።

ከየቤቱ አንድ ሰው። እንግዲህ የኔ ቤት አንድ ሰው ማን ነው? አባወራው እኔ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ልጁ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ሁለቱም አያቶቹ አሉለት። እናቴ ደግሞ የልጇ ቤት እመቤት እሷ ናት። አማቴ ጓዳ ያሉ መስሏት በፊት በር ወጣች። አማቴም የሟቿ እናት ናቸው፤ እሳቸው እያሉ ማን ለቤቱ ይቆማል? እናቴ ደጅ ያለች መስሏቸው በጓሮ በኩል ወጡ። "ልጁን ይያዙልኝ" ብሎ መለማመጥ ለሁለቱም ሞት ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

በሁለት ዛፎች መካከል ሰፊ አቡጀዲ ተወጥሯል። መኪናው ላይ ያለች ሣጥን ብርሃን ስትተፋበት ጨርቁ ላይ ሰው ይራመድ ጀመር። ግማሹ አማተበ፤ ግማሹ ከጨርቁ ኋላ ዞሮ ፈለገ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። አስተርጓሚው፣ ሚስቱ ሞታበት ነው አለ። ሁለት ወፋፍራም ሴቶች በአንዲት የሕፃን አልጋ ይጓተታሉ። አንዷ ያለበሰችውን ሌላዋ ታወልቃለች። አንዷ ስትስመው ሌላዋ የሳመችበትን ትጠርጋለች። ሰውየውስ? ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጆሮውን ደፍኗል። የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ነው። ገበያው በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። ከየሺ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። ምን ያለ ቂል ወንድ ነው ብዬ ነው የሳቅሁበት።

ከኋላዬ አንዱ፣ "ኧረ ይኼ የደሴ ቤት ነው! ጣሊያን መቼ ገብቶ አየው?" አለ።

ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። ከአቡጀዲው ይልቅ እኔን የሚያይ በዛ። መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ማለት ያኔ ገባኝ። ጋቢዬን ወደ ዓይኔ ስስብ በግራዬ ሌላ የተከናነበ ራስ አየሁ። እናቴ ናት። በቀኜም ሌላ። አማቴ ናቸው። ጨርቁ ላይ ሴቶቹ ሲጓተቱ አልጋዋ ተገለበጠች። ባዶ ናት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ልጁስ?" አለች እናቴ።

"ከርስዎ ጋር አይደለም እንዴ?" አሉ አማቴ።

"ከርስዎ ጋር ነው ብዬ ነው እንጂ!"

ሮጥን። የጣሊያኑ ዘበኛ ጮኸብን፤ አልቆምንም። አጥራችን ስንደርስ ቤቱ ጭር ብሏል። የኔ ልጅ ረሃብተኛ ነው፤ ዝም ብሎ አያውቅም። እናቴ ደጃፉ ላይ "ተገኘን! ልጄን!" ብላ ጮኸች። አማቴ ከእሷ ዘለግ አድርገው "ምትኩን! የልጄን ምትክ!" አሉ። እናቴ ደረቷን ደቃች። አማቴ በሁለት እጃቸው ደቁ። በዚያች ሰዓት እንኳ በሙሾ ሲቀዳደሙ እሰማለሁ። በሩን ለመክፈት ግን ማንም አልተሽቀዳደመም። እኔም ጭምር።

"ኧረ ዝም በሉ!" አለ ድምፅ ከውስጥ። "አሁን ገና ነው የተኛው።"

ትርንጎ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። በአንዱ ጡቷ ልጇ፣ በሌላው ልጄ። የኔው ጠግቦ፣ ወተት በአፉ ዳር ወርዶ ተኝቷል። ሲያለቅስ ሰምታ፣ የሚያነሣው ሲጠፋ አጥሩን ጥሳ ገብታለች። ሲኒማ ለምን አልሄደችም አትሉም? ጭቃ ሹሙ አልጠራትም። የባለ እጅ ቤት ከቤት አይቆጠርም።

 አማቴ ድክም ባለ ድምፅ፣ ወተቱ ወደ ዘር ገባ፤ ነገ ደግሞ ጋብቻ ይመጣል አሉ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛ ስምምነታቸው መሆኑ ነው።

ትርንጎ ልጄን ወደ ትከሻዋ አዞረችና ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። "አይዞዎት፣ እመት አንጓች። ካንድ ጡት የጠቡ እኅትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ልጃችሁ የኔን ልጅ እንዳያገባ ያዳንኋችሁ እኔ ነኝ። ልትመርቁኝ ይገባ ነበር።"

ልጁ አገሣ።

አሁን ወፍሯል፤ ጥርስም አብቅሏል። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ትርንጎን የጠራኋት እኔ ነኝ ትላለች። አማቴ፣ እሷ ምን አባቷ ታውቃለች፣ እኔ ነኝ እንጂ ይላሉ። ትርንጎ ትሰማለች፤ ትስቃለች፤ ታጠባለች። እኔ ዓይኗን ማየት እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ቤታችን ጠረጴዛ የለውም እንጂ፣ እሷ ስትመጣ የምገባበትን አውቅ ነበር።